ሠላሳ አንዳችንን አንድ ሰው ላደረጉን ክቡር ባለቤት

ይድረስ ባሉበት ሁሉ ለሚከበሩት፣ ባለሙያና አሠሪ የሚገናኝበትን «ሙያ መረብ» የተባለ ድረ ገጽ ከነሰዉ ለገዙት፣ ለዛንቶራ ኩባንያ የበላይ ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? በእርስዎ በኩል ያለው አየር ለሰውም ለማሽንም የሚስማማ እንደሚሆን ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ በገንዳ ውሃ ከተማ ከሙቀቱና ከወባው ጋር እየታገልን እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ በእርስዎ መዝገብ ከግንቦት ወር ወዲህ የለንም መባሉን ሳልዘነጋ ማለቴ ነው።

አሰፋች ማዕረግ እባላለሁ፤ በአንድ መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ ከጠጠር እየለየሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ዓሊ ስኳር ከሚጠቀልልባቸው አሮጌ ጋዜጦች ላይ ስለሆነ፣ መጨረሻው የተቀደደ ዜና ማንበብ የቆየ ልማዴ ነው። ኩባንያዎ ሙያ መረብን መግዛቱን የሚያበስረው መልእክት በስልኬ ሲደርሰኝም ብዙ አልተቸገርኩም። መልእክቱ ምንም የሚለወጥ ነገር እንደሌለ፣ ሁሉም ነገር ደግሞ የተሻለ እንደሚሆን ይገልጻል። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሄዱ የሚያስረዳው ክፍል ለእኔ ሳይደርሰኝ ቀርቷል።

ዜናው ከተማችን ሲገባ የተሰማው ስሜት የተለያየ ነበር። ዓሊ ገዢው ይህን ያህል ትልቅ ከሆነ ኔትወርካችንም አብሮ ይጠነክራል ብሎ ተደሰተ። መናኸሪያው አካባቢ የቀን ሠራተኛ የሚሰበስበው ካቦ ባየልኝ በበኩሉ ባለቤት የተለወጠበት እርሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚለውጠው ሠራተኛውን ነው አለ። በመጋዘኑ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ኩብራ ግን ወንፊቷን አስቀምጣ «እኛስ አብረን ተሸጥን ወይስ ቀረን?» ብላ ጠየቀችኝ። የተሸጠው ገጹ ነው እንጂ ሰው አይደለም ብዬ አጽናናኋት። ያን ዕለት የነገርኳትን ዛሬ ማረም ስላለብኝ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ክቡርነትዎ አገራችንን ስለማያውቁት ጥቂት ላስረዳ። እዚህ ቆላ ውስጥ ሳሉግ የምንለው የወቅት ሠራተኛ ከአውቶቡስ ሲወርድ የሚጠየቀው «ማን ያውቅሃል?» ተብሎ ነው። ድሮ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ቆሞ ይመሰክርለት ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ትልልቆቹ እርሻዎች ምስክሩ በሙያ መረብ ላይ ይሁን አሉ። የሠራህበት ቦታ ይጻፋል፣ አሠሪህ ከሥሩ ቃሉን ይሰጣል። አብዛኛው ሰው ፊደሉም ስልኩም ስላልነበረው እኔ በምሳ ሰዓቴ የሠላሳ ሰው ገጽ በራሴ ስልክ ከፈትኩ፤ ከራሴ ጋር ሠላሳ አንድ ሆንን።

ከሠላሳዎቹ አንዷ ስርጉት አለነ ናት፤ ይህ ሁሉ ደብዳቤ የሚጻፈውም በእሷ ምክንያት ነው። ስርጉት ትራክተር ትነዳለች። ሥራውን የተማረችው የእርሻ ባለቤቱን የሐጂ ዑበይዳን ትራክተር ግራሶ እየቀባች ነው፤ የምስክር ወረቀት የላትም፤ ሴት በመሆኗ ደግሞ ስትናገር ማንም አያምናትም። ያላት አንድ ነገር ሐጂ በገጿ ላይ ያኖሩላት ቃል ነበር። ቃሉን እሳቸው ሲናገሩ በስልካቸው የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ በልቤ አለ፦ «ይህች ልጅ ትራክተሬን ስድስት ክረምት ነድታለች። አንድም ቀን ጭቃ ውስጥ አስቀርታው አታውቅም። ለገዛ ልጄ ያልሰጠሁትን ቁልፍ ለእሷ ሰጥቻለሁ።» ስሟንስ አልጻፍም ወይ ብላቸው፣ ገጹ የእሷ አይደለም ወይ፣ ስሟ ከላይ አለ አሉኝ። ሐጂ ዐምና በጥር ወር አረፉ። እንግዲህ ቅሬታዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ልደታችን። ገጹ የተወለዱበትን ቀን፣ ወርና ዓመት ካልሞሉ አላሳልፍም ይላል። ኩብራ የተወለደችው አንበጣው በመጣበት ዓመት፣ ስርጉት ደግሞ ሽንፋ ወንዝ ሞልቶ መንገድ በዘጋ ሰሞን ነው። አንበጣ የሚል መምረጫ ስላላገኘሁ ራሴን ጨምሬ ሁሉንም መስከረም አንድ ቀን አስወለድኳቸው። እዚህ ቀኑን የማያውቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሠላሳ አንድ ሰው በአንድ ቀን መወለዱ ኩባንያዎን ማሳሰቡን ስሰማ፣ እናቶቻችን ተመካክረው ባለመውለዳቸው ከልብ አዝኛለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ኮቱ። ገጹ ለሥራ የሚመጥን ልብስ ለብሳችሁ ፎቶ ተነሡ ስላለን፣ በሰፈራችን የነበረውን አንድ ኮት፣ ዲያቆን ዓለምሰገድ ለሠርጉ ያሰፋውን ጥቁር ኮት፣ በዚያ በሚያዝያ ሙቀት ተራ በተራ እየለበስን በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተነሣን። ወንዱም ሴቱም፣ ወፍራሙም ቀጭኑም ያንኑ ለበሰ። ከመካከላችን ዋሲላ ከሻርፗ በታች ደርባው የተነሣችው ፎቶ ከሁላችንም ይልቅ ያምር ነበር። የኩባንያዎ ማሽን ልደቱን፣ ኮቱን፣ ግድግዳውንና የስልክ ቁጥሩን አይቶ ሠላሳ አንዳችንም አንድ አታላይ ሰው መሆናችንን በግንቦት ወር ወስኖ ሠላሳውን ገጽ ዘጋ። ፊታችንን ማየት ጊዜ እንደሚያባክን ይገባኛል። ውሳኔውን ለዋሲላ ሳነብላት «እንግዲያው ዓለምሰገድ ረመዳኑን ይጹምልኝ፤ እኔ ሁዳዴውን እይዝለታለሁ» አለች። እሱም ከኮቱ ጋር አብሮ ይህን ማጋራት እንደማይከብደው ገለጸ። ሰው የሚስቀው ነገሩ እስኪገባው ነውና ለሁለት ቀን ያህል ሳቅን።

ሦስተኛ፣ ስለ አቤቱታው። ቅር ያለው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ያመልክት ተብሎ ነበር፤ ለዚህ ቸርነትዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከአሥራ አራቱ ቀን አሥራ አንዱን ኔትወርክ አልነበረንም። በተመለሰ ዕለት ሠላሳውን ሰው ከመጋዘኑ ደጅ አሰልፌ፣ እያንዳንዱ በስልኩ ፊት ዓይኑን እያርገበገበ ሕያው መሆኑን እንዲያሳይ አደረግሁ። የመጀመሪያው ሰው አመልክቶ የስርጉት ተራ ሲደርስ ማሽንዎ ለአንድ ሰው የሚፈቀደው አንድ አቤቱታ ብቻ እንደሆነ ነገረን። አንድ ሰው አይደለንም ለማለት የመጣነው ሰዎች አንድ ሰው በመሆናችን ምክንያት አልተሰማንም። ይህን የመሰለ የተጠናቀቀ አሠራር በዚህ አገር ቢሮዎች እንኳ አላየሁም፤ እኔ ደግሞ ብዙ ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ።

አራተኛ፣ ስለ እኔ። የስልኩ ባለቤት እኔ በመሆኔ የእኔ ገጽ እንዲተርፍ ተደረገ፤ የሌሎቹም ሥራና ምስክርነት ሁሉ ተሰብስቦ በእኔ ስም ሥር ገባ። ስለዚህ አሁን እኔ ሰሊጥ አበጣሪ፣ ግንበኛ፣ የከብት ነጋዴ፣ ዲያቆንና የሠላሳ ዓመት ልምድ ያለኝ ዘበኛ ነኝ። ድቁናዬን ለቤተ ክርስቲያን ገና አላሳወቅሁም። የሐጂ ዑበይዳም ቃል እንደዚሁ ወደ እኔ መጣ፤ «ይህች ልጅ» የተባልኩት እኔ ሆንኩ።

ከዚህ ቀጥሎ ላለው ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም።

በሐምሌ መጀመሪያ ከአብርሃ ጅራ ከተማ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት በአንድ ትልቅ እርሻ ሠራተኛ የሚቀጥሩት አቶ ወንድማገኝ ነበሩ። ገጼን እንዳዩት፣ የሟቹ ቃል እንደማረካቸው፣ ለማሽላው ዘር የሚሆን የትራክተር ነጂ ስለጎደላቸው ፈጥኜ እንድመጣ በትሕትና ነገሩኝ። እኔ ባጃጅ እንኳ ነድቼ አላውቅም። ስርጉትን ይዤ በአይሱዙ ሄድኩና ጉዳዩን ከመነሻው አስረዳኋቸው። አቶ ወንድማገኝ ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሐጂን ቃል በስልካቸው ደግመው አነበቡ፣ የእኔን እጅ አዩ፣ የእሷን እጅ አዩ።

እኛ እዚያ ቆመን ሳለን ትራክተሩ ዋልካው ውስጥ መስመጡ ተነገረ። ነጂው ገጹ የተሟላ ሰው ነበር፤ ለመውጣት ነዳጅ በሰጠ ቁጥር ጎማው ወደ ጥቁሩ ጭቃ የባሰ ይገባል። ስርጉት ማንንም ሳታስፈቅድ ሄደች። እንዲወርድላት ለመነችው፣ ከኋላ የተገጠመውን የማረሻ ዲስክ ፈታች፣ የዐምና ማሽላ አገዳ አስለቅማ ከጎማው ሥር ነሰነሰች፣ ከዚያም በገባበት መንገድ ቀስ አድርጋ ወደ ኋላ አወጣችው። በሰሊጡ ውስጥ አረም የሚያርሙት ሁሉ ቀና ብለው ቆሙ። ከመካከላቸው አንዱ ነጂውን «ወንድሜ፣ አንተ የተማርከው በየትኛው ገጽ ነው?» አለው።

አቶ ወንድማገኝ እስክትወርድ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሯት።

«አየሁ እህቴ፤ ከእሱ ትበልጫለሽ። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ገጿን ላክ ይለኛል፤ ገጽ ያላት አሰፋች ናት። እሷን ቀጥሬ አንቺ ንጂ ብልሽ፣ አንድ አደጋ ቢደርስ የምትታሰረው ማን ናት?»

ስርጉት እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣

«ለአረምስ ገጽ ትጠይቃላችሁ?» አለች።

ለአረም እንደማይጠየቅ ነገሯት። የትራክተሩን ቁልፍ ለነጂው መልሳ ሰጥታ ወደ ሰሊጡ ገባች። እኔ ብቻዬን ተመለስኩ። ይህን በምጽፍበት ሳምንትም እዚያው እርሻ ላይ እያረመች ነው፤ ትራክተሩ ሲሰምጥ ይጠሯታል፤ አውጥታው ወደ አረሟ ትመለሳለች።

ክቡር ሆይ፣ ገዝተው ያመጡትን ነገር መልሱ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ሠላሳውን ገጽም አልለምንዎትም፤ ሰው የለህም ከተባለበት መዝገብ ውጭም ይኖራል። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ በእኔ ስም ሥር ያለውን የሐጂ ዑበይዳን ቃል አንሥተው ለባለቤቷ ይስጡልኝ። የእኔ አይደለም። በማላውቀው ሥራ የተመሰገንኩበትን ያን ቃል ባየሁ ቁጥር ከሰው ቤት ዕቃ ያወጣሁ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ ግን፣ ቃሉን በእጄ የጻፍኩት እኔ፣ ያ ምስክርነት ከገንዳ ውሃዋ ከስርጉት አለነ በቀር ለማንም እንዳልተሰጠ፣ በትራክተር የሚያሳርስ ሁሉ እንዲሰማ እዚህ በአደባባይ እመሰክራለሁ።

ላሳዩን ትኩረት፣ ከብዙነት ድካም አሳርፈው አንድ ስላደረጉን፣ ይህንንም ሁሉ ያለ አንዳች ክፋትና ፊታችንን ሳያዩ ስለፈጸሙት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜና ጤና፣ ከተቻለም አንድ ማንበብ የሚችል ጸሐፊ ይስጥዎ።

በእርስዎ ፈቃድ ሠላሳ አንድ ሰው የሆንኩት፣
ሰሊጥ ከማበጠር በቀር ሌላ ሥራ የማላውቀው አክባሪዎ፣
አሰፋች ማዕረግ
ገንዳ ውሃ፣ ሐምሌ ወር

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳጥፈው ከኩባንያዎ አንድ መልእክት ደረሰኝ፤ ሐጂ ዑበይዳ በሥራ ላይ ሃያ ዓመት ስለሞላቸው እንኳን ደስ አለዎት እንድላቸው ይጋብዛል። የራሳቸው ስልክና የራሳቸው ኮት ስለነበራቸው ነው መሰለኝ የእሳቸው ገጽ አልተነካም። ግብዣውን አክብሬ ደስታዬን ገለጽኩላቸው፤ በዚያውም የስርጉትን ነገር እንዲያስተካክሉልኝ ጻፍኩላቸው። አሁን ከሁለታችሁ ማን ቀድሞ እንደሚመልስልኝ እየጠበቅሁ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የበለጠ ተስፋ የማደርገው በሐጂ ነው።