ለሽማግሌው የጻፍሁላቸው ንግግር

ማክሰኞ፣ የካቲት 3
ዛሬም ጉም። ቀረጻው አለቀ። ደብተሬ፣ ስድስት ደቂቃ ፊልም ነው፤ ለሎጂክ ተማሪዎቼ መልመጃ ብዬ የጻፍሁት። ሽማግሌ መጥቶ ከባሏ የሸሸችን ሴት ተመለሽ ይላታል። ንግግሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ፋላሲ፤ እውነት የሚመስል የተሳሳተ ክርክር። «እናትሽ ችላለች፣ አያትሽ ችላለች፣ አንቺ ከማን ትበልጫለሽ?» «ዛሬ አንቺ እምቢ ካልሽ ነገ አገሩ ሁሉ ይፈታል።» ሽማግሌውን የሠሩልኝ ጎረቤታችን ጋሽ ፈንታሁን ናቸው። በእውነትም የሰፈሩ አስታራቂ። ከተዋናይ እሳቸው ይሻሉኛል ብዬ ለምኜ። ድምፃቸው ድንጋይ ያለዝባል።

ረቡዕ፣ 4
ክፍል አሳየሁ። ስህተቱን አውጡ አልሁ። ሁለት ልጆች አለቀሱ። አንዱ፣ መምህር፣ እኚህ ሰው እኮ ልክ ናቸው አለኝ። ሳቅሁ። ቆይቼ ተናደድሁ። አሳምሬ የጻፍሁት እኔው፤ ማንን ልውቀስ?

ዓርብ፣ 6፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ጉድ ሆንሁ ደብተሬ። ጋሽ ፈ. ሁለት ሽማግሌ አስከትለው እናቴ ቤት መጡ። ጥዬው የወጣሁት ባሌ ልኳቸው። ባሌ ዘንድ እመለሳለሁ እስክል አንቀመጥም ብለው ቆሙ፤ ደንቡ ነው። ከዚያ ቃል በቃል የእኔን ንግግር! እናትሽ ችላለች። አያትሽ ችላለች። እንደ ዳዊት ሸምድደውታል። አላፈሩም፤ በጎ ነገር ያስጠናኋቸው ነው የመሰላቸው። የእያንዳንዱን ስህተት ስም አውቃለሁ፤ ግን ለአባት ይሄ ፋላሲ ነው ይባላል? እናቴ ታለቅሳለች። እሑድ ቁርጡን እነግራችኋለሁ ብዬ ሸኘሁ።

ቅዳሜ፣ 7
መልስ ስጽፍ ዋልሁ። ነጥብ በነጥብ፣ አምስት ገጽ። ቀደድሁት። እኔም ከባሌ ቤት በክርክር አልወጣሁም እኮ። ፊልሙ ውስጥ ሴትዮዋ ለምን እንደሸሸች የለም። ሰው እኔን ይጠረጥራል ብዬ ዘለልሁት። ለዚህ ነው ሽማግሌው ልክ የሚመስሉት። እዚህም ቤት እንደዚያው ነው። ግራ ክንዴ ወንዝ ስሻገር ወድቄ የተሰበረ መስሏቸዋል፤ እናቴም ጭምር። ወጌሻውንም ዋሽቻለሁ። መውጫ ሳጣ ገባኝ፤ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ።

እሑድ፣ 8፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ከቅዳሴ መልስ መጡ። ቆመዋል። ጓዳ ሆኜ ነው የምጽፍ። እናቴ ገብታ፣ በእመቤቴ፣ ተቀመጡ በያቸው፣ እግራቸው አለቀ አለችኝ። እጅጌዬን ሰበሰብሁ። ክርክር የለም። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ፦ አባቶቼ፣ ይሄ ክንድ ወድቄ አይደለም የተሰበረ፤ ባሌ ነው የሰ—