ከታች የሚሞቀው ውሃ

ውድ አባዬ፣

ጉልበትህ እንዴት ሆነልህ? ወንድሜ «በደንብ መራመድ ጀምሯል» ይለኛል። አንተ ግን ስልኩን ስትቀበለው ጎረቤት እስኪደነግጥ «ደህና ነኝ! ደህና ነኝ!» ብለህ ጮኸህ ትዘጋዋለህ። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ስልክ ስታገናኝ የኖረች ኦፕሬተር አግብቶ ስልክ የሚፈራ ሰው ከአንተ በቀር አላውቅም። ስለዚህ መጻፉ ይሻላል ብዬ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። የምነግርህም ነገር በጩኸት የሚነገር አይደለም።

የአሮጊቷን ነገር ላስቀድም። ሐኪሙ ከእንግዲህ መሪ አትይዝም ካለህ ወዲህ አሮጊቷ መኪናችን ግቢ ውስጥ ቆማ አቧራ ትጠጣለች። ባለፈው ሳምንት ጉልበትህን እያስታመምክ ካለህበት ከወንድሜ ቤት ደውለህ «ሽጧት» አልክ። «እኔ ካልነዳኋት ማን ይነዳታል? ያንን ቦታም አላገኘሁላትም። በቃ!» ብለህ ዘጋኸው። እኔም ታዛዥ ልጅ ስለሆንኩ (አትሳቅ) ገዢ ፈለግሁ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፋርማሲስት ቅዳሜ ጠዋት ሊሞክራት መጣ። ቁልፉ የለም።

ቁልፉ የሚንጠለጠልበት ሚስማር ባዶ ነው። መሳቢያ ገለበጥኩ፤ የሶፋውን ትራስ ሁሉ አነሳሁ። እማዬ ድንች እየላጠች ቀና ብላም አላየችኝ። ሰውየው በራፍ ላይ አንዴ በቀኝ እግሩ አንዴ በግራው ይቆማል።

«እማዬ፣ ቁልፉን አይተሻል?»

«የትኛውን ቁልፍ?»

«የመኪናዋን ነዋ።»

«እኔ መኪና እነዳለሁ?»

ይህ መልስ እንዳልሆነ ልብ በልልኝ። ሰውየው አፍሮ ከሄደ በኋላ እጇን ታጠበች፤ ከደረቷ ውስጥ ቁልፉን አወጣች፤ አየት አድርጋው መልሳ ከተተችው።

አባዬ፣ ገና ልጅ ሆኜ «መርማሪዬ» ብለህ ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህ። በየሳምንቱ መጽሔት ላይ የሰው ቤት ጓዳ እየገባሁ የምተዳደር ሴት፣ የገዛ ቤቴ ነገር እንዴት ያምልጠኝ? ያቺ ሴትዮ እኮ ያቺን መኪና ስትረግም የኖረች ናት! እሁድ ማለዳ ዕቃ ስትጠቀልል «ሽርሽር ነው ወይስ ቤት መልቀቅ?» መንገድ ላይ «ወገቤን! ቀስ በል አንተ ሰው!» ስንመለስ ምንጣፉ ላይ አሸዋ ስታይ «ሐይቁን ተሸክማችሁት መጣችሁ!» ታዲያ ልትገላገል ስትል ቁልፍ መደበቅን ምን አመጣው?

ስለ ቦታው መጀመሪያ የሰማሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ከስሜ ጋር አብሮ የተነገረኝ ይመስለኛል። እማዬ ልጅ ሳለች አባቷ ወደ ሐይቁ ይወስዳት ነበር። እዚያ አንድ ዳርቻ አለ። ውሃው ከላይ እንደማንኛውም ውሃ ቀዝቃዛ ነው፤ እግርን ወደ አሸዋው ሰደድ ሲያደርጉት ግን ከታች ይሞቃል፣ ልክ ዳቦ ቤት ደጃፍ ላይ እንደመቆም። ቦታው በየት በኩል እንደሆነ ግን ረስታዋለች። ይህንን ያጫወተችህ ገና ሳትጋቡ ነው። አንተም ሌሎቹ የአውቶቡስ ሾፌሮች በእረፍት ቀናቸው መሪ ላለማየት አልጋ ውስጥ ሲደበቁ፣ እኛን አሮጊቷ ላይ ጭነህ የሚስትህን ቦታ ፍለጋ ትነሳለህ። ከኋላ ወንበር በእኔና በወንድሜ መሃል ደግሞ የእማዬ ታናሽ፣ «ሬዲዮ» ብለህ የምትጠራት አክስቴ አለች፤ ከቤት እስከ ሐይቁ፣ ከሐይቁ እስከ ቤት ሳታቋርጥ የምታስተላልፍ።

የከተማው ሰው ሁሉ የሚሄድባቸው መዋኛዎች አሉ፤ ጃንጥላ የሚከራይባቸው፣ አይስክሬም የሚዞርባቸው። እኛ እነሱን የምናውቃቸው በመስኮት ነው። አንተ ዓሣ አጥማጅ ጠይቀህ፣ የከብት መንገድ ይዘህ፣ ሸንበቆ ጥሰህ ሰው የረሳው ዳርቻ ላይ ታቆማታለህ። ከዚያ ሕጉ ይጀምራል። እማዬ እግሯን ሳትነክር ማንም ውሃ አይገባም። እኔና ወንድሜ በመዋኛ ልብሳችን ጥርሳችን እየተንገጫገጨ እንጠብቃለን። ጫማዋን አውልቃ ታቀብልሃለች፣ ቀሚሷን ትሰበስባለች፣ ክንድህን ይዛ ትገባለች።

«ሞቀ?» ትላታለህ።

ዓይኗን ጨፍና ታስባለች። ፈተና ላይ የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

«አልሞቀም።»

«በቃ፣ ለሚቀጥለው እሁድ ወዲያ ማዶውን እንሞክራለን።»

ያኔ ነው እኛ ወደ ውሃው የምንወረወረው። እሷ ግን አንዴ ከገባች አትወጣም ነበር። እስከ ጉልበቷ ቆማ፣ ክንድህን እንደያዘች ሁለታችሁ ታወሩ ነበር። ምን እንደምታወሩ ልሰማ ውሃ ለውሃ ሹልክ ብዬ ተጠግቼ አውቃለሁ። ስለሚያፈስ ጣሪያ ነበር።

አንድ እሁድ የሆነው ነገር ግን እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ የዋለበት ቀን ነው። ጎማ ተንፍሶብናል፤ ሁላችንም በጭቃ ተለውሰናል። እማዬ አንተን ሳትጠብቅ እግሯን ነከረች። «ሞቀ?» አልካት። ቆየት ብላ «ሞቅ ያለ... ይመስለኛል» አለች። እኔና ወንድሜ ጮህን፤ ተገኘ! አንተ ግን ደስ አላለህም። ፊትህ አመድ መሰለ። ጫማህን እንኳን ሳታወልቅ ዘለህ ገባህና እስከ ክርንህ ነክረህ አሸዋውን ዳበስከው። «አይ፣ ይሄ ፀሐይ ያሞቀው ነው። አይደለም» አልክ። የምን ፀሐይ አባዬ? ልጅም ብሆን ገረመኝ። አንድን ነገር ሲፈልግ የኖረ ሰው፣ ተገኘ ሲባል ለምን ይደነግጣል?

እንግዲህ ወደዚህኛው እሁድ ልምጣ። በጠዋት እማዬ ለባብሳ፣ የሻይ ቴርሞሱን ይዛ፣ ቁልፉን ከፊቴ አስቀመጠችው።

«ንጂ።»

«ወዴት?»

«እኛ እሁድ ወዴት ነው የምንሄደው?»

ሬዲዮ ማንም ሳይጠራት ከኋላ ተቀምጣለች፤ የሽርሽር ሽታ ከሰፈሯ ድረስ ይጠራታል መሰለኝ። ከከተማው እስክንወጣ የሁለት ጎረቤት ፍቺና የአንድ ጥርስ ሐኪም ቅሌት ዘግባ ጨረሰች። እኔ ማርሽ ስቀይር እማዬ መቀመጫዋን ጨምቃ ትይዛለች። «አባትሽ እንዲህ አያንገጫግጫትም ነበር» አለች። ሰው ሲረግመው የኖረውን ነገር ሲያሞግስ መስማት ደስ ይላል።

ደረስን። ብርድ ልብሱን አነጠፍን። እማዬ ጫማዋን አላወለቀችም።

«አትሞክሪም እንዴ?» አልኳት።

«ምኑን ልሞክር? የለም እኮ።»

«ምኑ?»

«ቦታው ነዋ! ፈጥሬው ነው።»

ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል ሰው ሁሉ እንደሚናገር ታውቃለህ።

«አባትሽ ያኔ ሳንጋባ ስለ አገሩ ወንዝ ያወራልኝ ነበር። አባቱ ትከሻው ላይ አስቀምጦ እንደሚያሻግረው፣ ዋና እንዳስተማረው። እኔ ምን ልበል? አባቴ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ቀን ይተኛል። እኛ ቤት ቀን ቀን የምንሄደው በእግራችን ጣት ነበር፤ የትም ወስዶኝ አያውቅም። አልፈርድበትም፣ ደክሞት ነው። ግን ሰውየው ሲያወራ ቀናሁ። እኔንም አባቴ ሐይቅ ይወስደኝ ነበር አልኩት። እውነት እንዲመስል ደግሞ ከታች ይሞቃል ብዬ ጨመርኩበት። የት ነው ሲለኝ ረሳሁት አልኩ። ይተወዋል ብዬ እኮ ነው! መኪና ገዝቶ ይመጣል ብዬ በምን ልጠርጥር?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?»

«እንደዚያ ሲደክምልኝ እያየሁ እንዴት አድርጌ? አንዴ፣ በዝናቡ ቀን፣ ልገላግለው ብዬ ሞቀ አልኩት። አይደለም ብሎኝ አረፈ።» ውሃውን እያየች ቀጠለች። «አሁን "አላገኘሁላትም" ሲል ሰማሽው? የሌለ ነገር አስፈልጌው፣ መኪናዋ ስትሸጥ የተሸነፈ መስሎት ሊቀር ነው። አንቺ ጻፊለት። የሰውን መስመር ሁሉ ሳገናኝ ኖሬ የራሴን ማገናኘት አቃተኝ።»

ይህን ጊዜ ከኋላችን ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ተሰማ፤ ሬዲዮ ዝም አለች። ዞር ስንል የተቀቀለ እንቁላል በእጇ ይዛ ደርቃ ቀርታለች።

«ምነው፣ አነቀሽ?» አለቻት እማዬ።

«እትዬ... ጋሼ እኮ ያውቃል።»

«ምኑን?»

«ቦታው እንደሌለ። ገና ሳትጋቡ ነግሬዋለሁ። አባታችን ሐይቅ ወሰዳት? ከአልጋው እስከ በሩ ከሄደልንም ትልቅ ነገር ነው አልኩት።»

እማዬ የቴርሞሱን ክዳን አስቀመጠች። «ምን አለሽ?»

«መጀመሪያ ሳቀ። በኋላ ግን አልሳቀም። መኪናዋን ሲገዛ ደግሞ፣ ለምን አትነግራትም አልኩት። "እሷ እኮ ለራሷ ብላ የትም አትሄድም። እንፈልግ ካልኳት ግን ትነሳለች" አለኝ። "ይህቺ ነገር ከአንቺ አፍ ከወጣች ደግሞ መኪናዋ ውስጥ ቦታ የለሽም!" ሽርሽር እወዳለሁ እትዬ፤ ምን ላድርግ?»

አባዬ፣ የአክስቴን አፍ መዝጋት የቻልክ በዓለም ላይ አንተ ብቻ ነህ።

እማዬ አልሳቀችም፤ አላለቀሰችምም። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና አቀበለችኝ። «ክንድሽን ስጪኝ» አለች። ገባን። ክንዴ አልተመቻትም፤ «ከፍ አድርጊው... ዝቅ አድርጊው እንጂ» እያለች አስቸገረችኝ። የእሷ ቁመት የሚያውቀው የአንተን ነው። እግሯን ወደ አሸዋው ሰደደች።

«ሞቀ?» አልኳት።

ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ሌላ፣ ይኸው መርማሪዋ መለየት አቃተኝ።

«አልሞቀም» አለች። «ለአባትሽ ስትጽፊለት፣ ከሸንበቆው ወዲያ ያለውን ገና አልሞከርነውም በይው።»

«ሌላውንስ?»

«የትኛውን ሌላ?» አለችኝ፤ ልክ «የትኛውን ቁልፍ» ባለችኝ ድምፅ።

እኔ ግን ጻፊ ተብዬ ታዝዣለሁ፤ ትዕዛዙም አልተሻረም፤ ስለዚህ ሁሉንም ጻፍኩልህ። አሁን እሷ እንደምታውቅ አንተ እንደምታውቅ አውቃለሁ። (ይቺን ዓረፍተ ነገር ደግመህ አንብባት፤ ትክክል ናት።) ከሁለት አንዳችሁ አንድ ቀን ትናገሩ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ አትናገሩም። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በዝናቡ ቀን ዘለህ የገባኸው ምን ፈርተህ ነው? ገምቻለሁ፤ ከአንተ አፍ ግን መስማት እፈልጋለሁ። በስልክ እንዳትጮህብኝ፤ መጥተህ ውሃው ዳር ቆመህ ንገረኝ።

ፋርማሲስቱ ሌላ መኪና እንዲፈልግ ነግሬዋለሁ። ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተመልሷል። የፊት ወንበር ለእማዬ ነው፤ አንተ ጉልበትህን ዘርግተህ ከኋላ፣ ከሬዲዮ ጎን ትቀመጣለህ። ይህ ሁሉ ዓመት ዝም ያሰኘኻት ሴት አሁን አፏ ተከፍቷል፤ የሚያድንህ የለም።

ቶሎ ና። ክንዴ አልተመቻትም።

መርማሪህ፣
ከእንግዲህ ደግሞ ሾፌርህ