ዶሪ አንሶላውን የቀደደ ዕለት

ለውድ ወንድሜ ለአምብሮስ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ለሥራ የሄድክበት የአልበርታ ብርድ የጎዳው ጆሮህስ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? እኛ ደህና ነን። ጉልበቴ ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግረኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። ልጅህ ጋርላንድ ትከሻዬ ደርሷል፤ ጫማ አይበረክትለትም።

በስልክ ያዘዝከኝን አልፈጸምኩም። «ለገና ልጁን ላኪልኝ፤ ከእንግዲህ እኔ ጋ ይኖራል፤ አከራዬ ውሻ ስለማታስገባ ዶሪ አንቺ ጋ ይቅር፣ ቀስ ብለሽ ንገሪው» ብለኸኝ ነበር። መሄዱን እንጂ የዶሪን መቅረት አልነገርኩትም። እናቱ ካረፈች ወዲህ ሁለቱ አንድ አልጋ ላይ ነው የሚያድሩት። ከመቆጣትህ በፊት ይህን ስማኝ።

ባለፈው በጋ እዚህ የተሠራው የልጅና የውሻ ፊልም ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ታየ። ጋርላንድና ዶሪ እንደተመረጡለት ታውቃለህ። ሲቀረጽ የሆነውን ግን አልነገርኩህም። ልጁ ከጀልባ ወድቆ ሲጮህ ውሻው መጀመሪያ ቋጥኝ ላይ ቆሞ እንዲያላዝን ነበር የተፈለገው። ዶሪ እቴ! ገና የጋርላንድ እግር ውሃ ሲነካ ዘሎ ይገባል። ዳይሬክተሩ «ትንሽ ይጨነቅ እንጂ! የተመልካች ልብ ይንጠልጠል!» እያለ ፀጉሩን ነጨ። አጎት ሄዝ መረቡን እየጠገነ «ጌታው፣ ቆሞ የሚያለቅስ ውሻ ከፈለግክ ከከተማ አስመጣ!» አለው። በመጨረሻ ዶሪን በገመድ አስረው አስጮሁት፤ ገመዱ በፊልሙ አይታይም።

ቅዳሜ ዕለት መድረኩ ላይ ትልቅ ነጭ አንሶላ ተወጠረ፤ መንደሩ ሁሉ መጣ። ጋርላንድ ራሱን ለማየት አፍሮ ከአዳራሹ ኋላ ወጥ ቤት ተደበቀ። ዶሪ እግሬ ሥር ተጋድሟል። አርጅቷል እኮ፤ ደረጃውን እንኳ ከኋላ ገፍቼ ነው ያወጣሁት። ከዚያ ያ ቦታ ደረሰ። ልጁ ከባሕሩ «ዶሪ! ዶሪ!» ብሎ ይጮሃል፤ የፊልሙ ዶሪ ቆሞ ያላዝናል። የኛው ብድግ አለ! በወይዘሮ ፓርዲ ጭን ላይ ተረማምዶ፣ አዲሱን ባርኔጣዋን ጥሎ፣ አንሶላውን ቦጭቆ ገባ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፣ ምን ልዋሽህ።

ከአንሶላው ኋላ ግን ወለሉን እየቧጨረ መፈለጉን አልተወም። አለቃቀሱ! ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ጋርላንድ እየሮጠ መጥቶ በቀዳዳው ገባና አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። «አለሁ እኮ ዶሪዬ፣ ይኸው አለሁ» ሲለው ሁላችንም ሰማን። አንጀቴን በሉኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ «አክስቴ፣ አባዬ ያለበት ቦታ ባሕር የለም አይደል? ታዲያ ዶሪ እዚያ ምን ሊሠራ ነው? ሥራ ፈት ሆኖ እንዳይከፋው» አለኝ። አብሮት እንደሚሄድ አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም። አባቱ አንተ ነህ፤ አፍ ካለህ ራስህ ንገረው። እኔ ታላቅህ ግን ሌላ ቤት ፈልግ እልሃለሁ።

አጎት ሄዝ እጅ ነስቶሃል። ወይዘሮ ፓርዲም ባርኔጣዋን አቃንታ ሰላም ብላሃለች። ጋርላንድ ይናፍቅሃል፤ ዶሪም ስምህ ሲጠራ ጭራውን ይቆላል። አብሮህ ለሚኖረው ለሴልቢ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ የጨው ዓሣ ልኬላችኋለሁ፣ ተካፈሉት። ለአከራይህ ግን ዶሪን እስክታስገባ ድረስ ሰላምታ የለኝም።

እህትህ ድሩሲላ
ጋል ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ኦክቶበር 14 ቀን 1996