ሁለቴ አንኳኳሁ

ወንድም ዓለም፣ ጆሮህ ለስልክ ስለማይሆን ይኸው ከባሕር ማዶ በፖስታ ካርድ ጻፍኩልህ።

ዛሬ ልጄ ሥራ ስትገባ ብቻዬን ሙዚየም ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? የእኛን ዓይነት ታንክ! እኛ ሰፈር ያለው ዝጎ አፈሙዙ ላይ የታጠበ ልብስ ይሰጣበታል፤ ይሄኛው ግን ቀለም ተቀብቶ፣ ሰንሰለቱ ዘይት ጠጥቶ ሙሽራ መስሏል።

እጄ አላርፍ አለና እንደ ድሮው ጎኑን ሁለቴ አንኳኳሁ። ታስታውሳለህ፣ እኔ ሾፌርህ ልገባ ስል መድፉን እንዳታዞርብኝ ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ አንተ ከውስጥ አንዴ ትመልሳለህ፣ «ግባ» ማለትህ ነው። ዛሬም ቆሜ መልስህን ጠበቅኩ።

ጥበቃዋ መጣች፤ የአገራችን ልጅ ናት። «አባባ፣ ማንን ፈልገው ነው? ውስጡ እኮ ባዶ ነው፤ ክዳኑም ተበይዷል» አለችኝ።

«አውቃለሁ ልጄ» አልኳት። እሷ ከሄደችም በኋላ ግን ትንሽ ቆየሁ። እዚህ አገር ከልጄ በቀር የማንን በር አንኳኳለሁ ብለህ ነው?

ቦታ አለቀብኝ። ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ የልጅ ልጆችህን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ካርዱ ሲደርስህ ጠረጴዛህን አንዴ አንኳኳ። እስከዚያ ደጅ ቆሜያለሁ።

ሾፌርህ