ቅጹ ላይ ያልነበረው ጥያቄ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ሰባት ሰው ጠየቅኩ፣ ሰባቱም ደስተኛ ናቸው። መካነ ሰላም እንዲህ የደስተኞች አገር መሆኗን ዛሬ ገና ሰማሁ።

ቅጹ ላይ አስር ደረጃ ያለው መሰላል ተስሏል። ላይኛው ከሁሉ የተሻለ ኑሮ ነው፣ ታችኛው ከሁሉ የከፋ። «አንተ የትኛው ላይ ነህ?» እላለሁ። ሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»፣ ክርስቲያኑ «ተመስገን» ይልና ጣቱን ዘጠኝ ላይ ያሳርፋል። ዝቅ ማለት ፈጣሪን ማማረር ነዋ። ሥራ ፈትቶ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ የማውቀው ልጅ ዘጠኝ ላይ ተቀምጧል። እኔም ብጠየቅ ዘጠኝ ነበር የምለው። እናቴ አጠገቤ ካለች አስር።

ሥራው የአንድ ሳምንት ነው። ከዩኒቨርሲቲ የመጡ አንድ ዶክተር፣ ወጣቶች አደጋን እንዴት እንደሚደፍሩና ኑሯቸው እንዴት እንደሚሰማቸው ያጠናሉ። ሳይኮሎጂ የተመረቀ ሰው አለ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ አለች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እናቷ ቤት ተቀምጣለች ተባሉ። ኮብልስቶን ልጥረብ አልጥረብ እያልኩ ሳመነታ የመጣ ሲሳይ ነው። በዲግሪዬ ስሠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

መመሪያው፦ አትምከሩ። ፊታችሁ አይለወጥ። ከቅጹ ውጭ አትጠይቁ። ዘመድ አትጠይቁ። የሰማችሁትን ለማንም አትንገሩ። ፈረምኩ።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ቅጹን እያገላበጠ «እኔንስ አትጠይቂኝም፣ እታለም?» አለኝ። ሃያ ዓመቱ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ወድቆ በጥቃቅንና አነስተኛ ተደራጅቶ በር ይበይዳል፤ በር የሚያሠራ ሲገኝ ማለት ነው። ዘመድ አይጠየቅም አልኩት። ሳቀ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

የአደጋው ክፍል መሳቂያ ነው። «ከአውሮፕላን በጃንጥላ ትዘላለህ ወይ?» ይላል። «መኪና በከባድ ፍጥነት ትነዳለህ ወይ?» ይላል። አንዱ የወግዲ ልጅ፣ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተሳፍሬ መምጣቴ ይቆጠርልኛል ወይ ሲለኝ ከንፈሬን ነክሼ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ አለፍኩ። መሳቅ ክልክል ነው።

ጠዋት ከጅዳ የተመለሰች አንዲት ልጅ መሰላሉን አየችና፣ ከመሰላሉ ሥር ያለው መሬት ቁጥር የለውም ወይ አለችኝ። ከአንድ እስከ አስር ብቻ ነው አልኳት። በይ አንድ በይው አለች። ከሰኞ ጀምሮ የሰማሁት እውነተኛ መልስ እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

ከሰዓት ደሳለኝ ተራው ደረሰ። የጎረቤታችን የእትዬ ብርቄ ልጅ ነው፤ ከሰይድ ጋር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አይለያዩም። ሻይ ብቻ ጠጣ፣ ጾም ነው። ከአገር ለመውጣት አስበሃል? አዎ። በየት? በጅቡቲ አድርጎ፣ ከዚያ በባሕር። ብቻህን ወይስ ከሌላ ሰው ጋር? «ከሌላ ሰው ጋር» አለና ዓይን ዓይኔን አየኝ። ሳጥኑ ላይ ምልክት አደረግኩ። ቅጹ ከማን ጋር ብሎ አይጠይቅም። እሱ ግን ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ሳልጠይቀው፣ ሳምንቱ ሳያልቅ ነው አለኝ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ፣ እታለም? ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«የእኔ ሐሳብ እዚህ አይገባም» አልኩት።

ሲነሣ ካስቀየምኩሽ አፉ በይኝ አለ። በእኛ አገር መንገድ የሚወጣ ሰው ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም ሁሉን ይቅር አስብሎ ነው የሚነሣ። አፉ ብያለሁ አልኩት። ፊቴ ፍንክች አላለም። እውነቱን ልጻፍ፣ በራሴ ኮራሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለእትዬ ብርቄ ልንገራቸው? ፈርሜአለሁ። ልጁም አምኖ ነው የነገረኝ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ነው፤ እኔ ማን ነኝ? በሌላ በኩል ባሕሩ አለ። ከዚህ ሰፈር ብቻ ሁለት ልጅ በልቷል።

ቅጹም ያናድደኛል። መሄዱን አደጋ ብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። እዚህ ሃያ አምስት ዓመት እስኪሞላ ድንጋይ ላይ መቀመጡን ግን የትም አይጠይቅም።

ከሰዓት ሄድኩ፣ ልነግራቸው። እትዬ ብርቄ ጌሾ እየወቀጡ ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ። ደሳለኝ ሰው ሆነልኝ አሉ። ልብሱን ራሱ ያጥባል፣ ማታ ማታ ጉልበታቸውን ስሞ መርቂኝ ይላቸዋል፤ ለገብርኤል ተስዬ ነበር፣ ሰማኝ አሉ። ዘነዘናውን ተቀብዬ ጥቂት ወቀጥኩላቸውና ሳልነግራቸው ወጣሁ።

እቤት ስገባ ሰይድ ለእናታችን የጓዳውን በር ማጠፊያ እየጠገነ ነው። ስንት ወር ስትለምነው የነበረውን። ድሮ የሰበርኩብሽን ሬዲዮ አፉ በይኝ አለኝ። አእምሮዬ እትዬ ብርቄ ቤት ነበር። ለሬዲዮውማ መቼም አፉ አልልህም ብዬ አሾፍኩበት። ፈገግ ብሎ ወደ ማጠፊያው ተመለሰ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 10

ሄዷል።

እናቴ ለሱብሒ ሶላት ስትነሣ የሰይድ አልጋ ተነጥፏል። ጎሕ ሳይቀድ በወጣው የደሴ መኪና ነው አሉ። ስልኩ ዝግ ነው። እኛ ገና ግራ ገብቶን ሳለ እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን እየጎተቱ መጡና ደሳለኝ እናንተ ዘንድ አድሮ ነው ወይ አሉ።

ያን ጊዜ ገባኝ። «ከሌላ ሰው ጋር» ብሎ የዘጋው፣ ዓይኔን ያየኝ፣ ዝም ብሎ የጠበቀኝ። ማን ነው ብዬ እንድጠይቀው ነበር። አንድ ቃል። ብጠይቀው ይነግረኝ ነበር፣ ወላሂ ይነግረኝ ነበር።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሉ ነበር። እሷ እኔ ነኝ። በመጠይቅ የሰው ልጅ ልብ ልለካ ስዞር፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ያለው ወንድሜ አፉ በይኝ እያለ ሲሰናበተኝ አልሰማሁትም። አፉም አላልኩት። አሾፍኩበት እንጂ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ደሴ ያለው አጎቴ መናኸሪያውን ሲዞር ውሎ አላገኛቸውም።

ነገርኳቸው። ለሁለቱም እናቶች፣ አንድ ላይ። እናቴ «ታውቂ ኖሯል?» አለችኝ። ስለ ደሳለኝ ብቻ አልኳት። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም።

ይጮሁብኛል ብዬ የጠበቅኩት እትዬ ብርቄ ነበሩ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ረቡዕ መጥተሽ አብረሽኝ ወቅጠሻል እኮ፣ ልጄ። ብትነግሪኝ ደጃፉ ላይ እጋደምበት ነበር። ተራምዶኝ አይሄድም ነበር።»

ፈርሜ ነበር አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ከአልጋ አልወጣሁም። እናቴ ሽሮውን በሩ ሥር አስቀምጣልኝ ትሄዳለች።

ዶክተሩ ቅጾቹን ፈልገው ደወሉ። ሁሉን ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ደነገጡ። ከዚያ «ለእኔ ልትነግሪኝ ትችይ ነበር እኮ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም አብረን እንመክር ነበር» አሉኝ። ይህን አላሰብኩትም። ለማንም አትንገሩ የሚለውን ለእርሳቸውም አድርጌው ነበር። አራት ዓመት የተማርኩት ሰው መስማት ነበር፤ የሠራሁት ግን ሳጥን መሙላት።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 13

ምንም የለም። ሰዉ እየመጣ አብሽሩ ይላል። አላህ ሳይደግስ አይጣላም ይላል። ልቅሶ ቤት ይመስላል፤ ጎረቤት ጫማውን አውልቆ ገብቶ፣ ጥቂት ዝም ብሎ፣ መርቆ ይወጣል። ከሞተ ሰው ጋር አትቁጠሩት ብዬ ልጮህ ነበር።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ደወለ።

ስምንት ሰዓት ላይ በማላውቀው ቁጥር። አፋር፣ ሎጊያ ነን አለ። ገና አልተሻገሩም! ከሁሉ አስቀድሜ አፉ ብያለሁ፣ አፉ ብያለሁ አልኩት፤ ስለምን እንደማወራ የገባው አይመስለኝም። ደሳለኝ ታሟል፤ ትኩሳትና ትውከት። የበረሃው ውኃ ነው ይላል ሰይድ። ደላላው ዛሬ ማታ ሌሎቹን ይዞ ሊነሣ ነው። ሰይድ ግን ደሳለኝን ጥዬ አልሄድም ብሏል፤ ቀና ካለ ማታውኑ ይከተላሉ፣ ካልቻለ ለሚቀጥለው ይቀራሉ።

ተመለስ አልኩት። ለመንኩት። አለቀስኩ። እንዲህ አለኝ፦

«እታለም፣ አትቀየሚኝ። እኔ ወድቄ ነው የተቀመጥኩት። አንቺ ግን ሁሉን አልፈሽ ነው የተቀመጥሽው። ሁለት ዓመት ሙሉ አንቺን እያየሁ ነው የወሰንኩት።»

መስመሩ ተቋረጠ፤ መልሼ ብደውል ዝግ ነው።

ከተመረቅኩ ወዲህ በኑሮዬ የምጎዳው ራሴን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አጎቴ ወዲያው ከደሴ ተነሥቷል። አሥር ሰዓት ላይ ባቲን አልፌአለሁ ብሎ ደወለ። ሎጊያ ሲደርስ ይመሻል። ደሳለኝ እስከዚያ ከተኛ ሰይድም አለ። ቀና ካለ ሁለቱም የሉም።

የዐስር ሶላት ሰግጄ እጄን ዘረጋሁ። ያ ረቢ፣ የደሳለኝ ትኩሳት እንዳይበርድ አልኩ። የሰውን ልጅ! እናቱ በግድግዳ ማዶ ተቀምጠው። ይህን ዱዓ ይዤ መቀመጥ አልቻልኩም። ዝም ማለት ምን እንዳደረገኝ አይቻለሁ። እትዬ ብርቄ እኛ ቤት ሲመጡ እናቴ ፊት ነገርኳቸው። እንዲህ ብዬ ለምኛለሁ፣ አፉ ይበሉኝ አልኳቸው።



«እኔም ለገብርኤል ነግሬዋለሁ» አሉኝ። «ዛሬን ብቻ አስተኛልኝ ብዬ።»

እናቴ ከዓርብ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞራ አሚን አለች። እኛም አሚን አልን። አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፤ አጎቴ ገና አልደወለም።