የሚለጠጠው የቀሚስ ጨርቅ

ታንጉትዬ፣

መርካቶ አንጨርጭራ ልትገድለኝ ነው! ያዘዝሽኝን የሚለጠጥ የቀሚስ ጨርቅ በሽር የሚባል ነጋዴ ጎትቶ ጎትቶ «ይኸው ሦስት ሜትር» አለኝ። እዚያ አገራችን ማርቆስ ባለሱቆቹ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይለኩልን የለ?

«አትጎትተው እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«ምን ሆነ? አልተቀደደ፣ ያው ጨርቅ ነው» አይለኝም!

የሒሳብ ተማሪዎቼም ፈተና ላይ የሚጽፉልኝ ይህንኑ ነው፦ ካልተቀደደ ልኩም ያው ነው። የቦሬል ስብስብ የምንለው፣ ርዝመቱ ሊለካ የሚችል የነጥቦች ስብስብ፣ ሳይቀደድ ቢለጠጥ ያው የሚለካ ስብስብ ነው፣ ልኩ ግን ሌላ ነው ብዬ እዚያው ሱቁ በር ላይ ቆሜ አስተማርኩት። ጎረቤቱ ሁሉ ተሰበሰበ። በሽር እስከ መጨረሻው ሰማኝና ሜትሩን አቀበለኝ፦ «በይ ቲቸር፣ ራስሽ ለኪያ።»

ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ሦስቱም ተለያየ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሚለካውንና የማይለካውን ሳስተምር አንዲት ክንድ ጨርቅ ለክቼ አላውቅም።

እትዬን ሳሚልኝ። ቀሚሱ ካጠረብሽ በሽርን እንዳትረግሚ፤ የለካሁት እኔ ነኝ።

እስከዳር