የአልጋችን አራተኛ እግር

ሰይዶ፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠየቅ ነው፤ አንተ ግን ይህንንም ወግ አበላሽተህብኛል። አላህ ጀነቱን ይስጥህ እንጂ እንደምን ነህ ብዬ አልጠይቅህም። ከጦርነቱ ሸሽተን በሄድንበት ገዳሪፍ አፈር ካለበስንህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እኔ ወደ ሰፈራችን ወደ ዴም ከተመለስኩ አምስት ወር ሆነኝ። በነዚህ አምስት ወራት እንዴት እንደተናደድኩብህ ልነግርህ ነው የተቀመጥኩት። አትቸኩል፤ መቼስ የምትሄድበት የለህም።

ቤታችን ቆሟል። በር የለውም፣ ጣሪያው ግማሹ አለ። እንጨት የምታዞርበትን ማሽን ሞተሩን ነቅለው ወስደዋል፤ ሽቦውንም ከግድግዳው ፈልፍለው አውጥተውታል። ሞተሩ ቢኖርም ከህረባ የለም፤ መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ድስቴን ከነክዳኑ የወሰደ ሌባ ግን አንድ ነገር ትቶልኛል፤ ለኛ ብለህ የጀመርከውን አልጋ። ሦስት እግር ያለው አልጋ ለካ ሌባም አይፈልገውም።

የዴምን ሙሽሮች የአንገረብ አልጋ እግር ስታወጣ የኖርክ ሰው፣ ስንጋባ «አልጋችንን በእጄ ነው የምሠራው» ብለህ ምንጣፍ ላይ አስተኛኸኝ። አንዱ እግር ተሠራ፤ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛው ተሠራ። ስነዘንዝህ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ትለኛለህ። እንቁላሉ ሄደ፣ አንተም ሄድክ፤ አልጋው ግን ይኸው አራተኛ እግሩን እየጠበቀ ነው። እሺ አስተምረኝ ስልህ ደግሞ «ብናኙ ላንቺ አይሆንም፤ ቡክራ» ነበር መልስህ። የዚህ አገር ቡክራ ነገ ማለት እንዳልሆነ አንተም እኔም እናውቃለን።

ስለዚህ የሚያስተምረኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። እንጨት ሊገኝ ይችላል፣ መሮም ያንተ አለ፤ የጠፋው ሰው ነው። መጀመሪያ ሱቅ ዐረቢ ገበያ ወረድኩ። አንድ አናጢ ሙያውን መማር እፈልጋለሁ ስለው፣ በትከሻዬ አሻግሮ ከኋላዬ ወንድ ይፈልግ ጀመር። «ራጅሊክ ወይን?» አለኝ። ባሌ ገዳሪፍ ነው አልኩት፤ ውሸት አይደለም። ሲመለስ አብራችሁ ኑ አለኝ። ወሏሂ፣ ልሳቅ ወይ ላልቅስ ሳላውቅ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሌላው አስተምርሻለሁ ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ አስፈላኝ። በአራተኛው ቀን፣ ሻይሽ ጥሩ ነው፣ መንገድ ዳር ብትቀመጪ ይሻልሻል ብሎ መከረኝ።

ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ የኒም ዛፉ ሥር የሚሠሩትን ዐም ኢድሪስን ታስታውሳለህ? የጥንት ሰው እያልክ ስትቀልድባቸው የነበሩትን ሽማግሌ? የሳቅክበት ማዞሪያቸው ሞተር አያውቅም፣ ስለዚህ ዛሬም ይሠራል። እንጨቱን በሁለት ብረት ሹል መሃል ይይዙታል፣ ገመድ ይጠመጥሙበታል፤ አንድ ሰው ገመዱን ሲስብ ሌላው በመሮ ይቀርጻል። ገመዱን ይስቡላቸው የነበሩት ወንድማቸው በጦርነቱ ሞተዋል። ሄጄ ለመንኳቸው። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩኝ፣ ይህ የሁለት ሰው ሥራ ነው፣ እኔ ገመድ አልስብም፣ ጓደኛ ከሌለሽ አትምጪ አሉኝ።

ከዲጃን ይዤ ሄድኩ። አታውቃትም፤ አዲሷ ጎረቤቴ ናት፣ እንደኛው የወሎ ልጅ። ማንሺያ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ አሠሪዎቿ እንደሸሹ ስለቀሩ ሥራ ፈታ ተቀምጣለች። እሷ ትስባለች፣ እኔ እቀርጻለሁ፣ ዐም ኢድሪስ ይቆጣሉ። አደራረጋችን ይህ ነበር።

መሮው እንጨቱን ጠልቆ ሲነክስ ገመዱ ቶሎ መለቀቅ አለበት። ያኔ ሽማግሌው በዐረብኛ ልቀቂ ለማለት «ሲቢ! ሲቢ!» ብለው ይጮኻሉ። ከዲጃ ደግሞ በዚያች ቅጽበት ባላት ጉልበት ሁሉ ትጎትታለች። አንዱ እግር ለሁለት ተሰነጠቀ። ሌላው ተስፈንጥሮ የሽማግሌውን ጥምጥም አወለቀው። እሳቸው እኔን ይቆጣሉ፣ እኔ ከዲጃን እቆጣለሁ፣ ከዲጃ ታለቅሳለች። በሦስተኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ ልቀቂ እየተባልሽ ለምንድነው የምትጎትቺው ብዬ ጮህኩባት። እንባዋን እየጠረገች «ሳቢ፣ ሳቢ ይሉኛል! ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ልሳብ?» አለችኝ።

ዐረብኛ ጠፍቷት እንዳይመስልህ፤ በደህናው ጊዜ ከኔ የተሻለ ትናገራለች። ሲጮኹባት ግን ጆሮዋ ወሎ ይገባል።

ነገሩን ለዐም ኢድሪስ ሳስረዳቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ወንድማቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ይመስለኛል። ከዚያ ወዲያ በአማርኛ ልቀቂ ሊሏት ይሞክራሉ፤ «ልገጊ» ነው የሚወጣላቸው። ከዲጃም እየሳቀች ትለቃለች። አንዳንድ ቀን እንጨት ሳንነካ ሦስታችን ስንጨቃጨቅ እንውላለን፤ መሮ አያያዜ ያናድዳቸዋል፣ ቁጣቸው ያናድደኛል። ሰይዶ፣ ካንተ ወዲህ ደህና አድርጌ የምጨቃጨቀው ሰው አጥቼ ነበር። ይህን ያህል እንደናፈቀኝ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ሐሙስ አራተኛው እግር ወጣ። ያንተን ሦስቱን አይመስልም። ወገቡ ወፍሯል፣ አንድ ጣት ያህልም ያጥራል፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስደግፌዋለሁ። ዐም ኢድሪስ መጥተው አልጋውን በእጃቸው ነቀነቁት፣ አልተቆጡም፤ ከሳቸው ይህ ምስጋና ነው። የአልጋውን ገመድ ከከዲጃ ጋር ወጠርነው። አሁን የምተኛው እዚያ ላይ ነው። በኔ በኩል ይንገጫገጫል፣ ባንተ በኩል ጸጥ ይላል። ጸጥ ማለቱን ነው ያልቻልኩት።

ሰው ሁሉ ስላንተ ሳነሳ ይሰለቻል። ዐም ኢድሪስም ሳይቀሩ ትናንት ትከሻዬን መታ አድርገው «ሲቢ» አሉኝ፤ በቃሽ፣ ልቀቂው ማለታቸው ነው። ቃሉን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ያንተ ነገር ሲሆን ግን እኔም እንደ ከዲጃ ነኝ፤ የሚሰማኝ «ሳቢ» ነው። እስባለሁ።

ባለቤትህ ዘሐራ